እትዬ ትርንጎ የገደፈችበት አስተሰርዮ

የእትዬ ትርንጎን ሞት ያረዱኝ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። እኔ ከመድኃኒት መስኮቴ ጀርባ ቆሜ ለአንዲት ሴት የዓይን ጠብታ አጠቃቀም እያስረዳሁ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ተንዘፈዘፈ። በሥራ ሰዓት ስልክ ማየት ስለማይፈቀድ ዝም አልኩት። ሦስተኛ ላይ ቆመው የነበሩት እናት ግን የራሳቸውን አዩ። ወረፋቸውን ትተው ወንበር ላይ ዘፍ አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይ ትርንጎ! እኛን ለማን ጥለሽን?» ብለው አለቀሱ።

ልቧ ነው አሉ። ጠዋት ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። የሞተችው የአስተሰርዮ ጾም ሁለት ወር ሲቀረው ነው፤ እሷ ብትሰማ «ሥራ ሊበዛ ሲል አመለጠች ይሉኛል» ብላ ትበሳጭ ነበር። እኔ የዓይን ጠብታውን ለሴትዮዋ ሰጥቼ መስኮቱን ዘጋሁና መደርደሪያዎቹ መሀል ገብቼ አለቀስኩ። ለአባቴ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

እትዬ ትርንጎ በእስራኤል፣ በፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ እኔ በምሠራበት የኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድን ድርጅት ክሊኒክ ውስጥ መጋሸሬት ነበረች። ቃሉ የዕብራይስጥ ነው፤ አገናኝ፣ ድልድይ እንደ ማለት። ዐማርኛ ብቻ በሚሰሙ፣ ከጎንደር በመጡ ቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችና ዕብራይስጥ ብቻ በሚናገሩ ሐኪሞች መሀል ቆማ የአንዱን ለሌላው ታደርሳለች። በሱዳን በኩል የመጣች ሴት ናት። ይህን ሥራ ከመያዟ በፊት የዚያኑ ክሊኒክ ወለል ለዓመታት ጠርጋለች። «ሐኪሞቹን ሁሉ በጫማቸው ነው የማውቃቸው፤ ማን እንደሚቸኩል፣ ማን ቆሞ እንደሚሰማ ከወለሉ ይታያል» ትል ነበር።

አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጥቁር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ የምትሄድ ሴት ነበረች። ያልተዋጠላት ነገር ሲገጥማት ጠረጴዛውን በመሀል ጣቷ ሁለት ጊዜ ቆርቆር ታደርጋለች። ያቺን ቆርቆር ከክሊኒኩ ሴት ሐኪም እስከ በር ጠባቂው የማይፈራት አልነበረም። ዕድሜዋ የእናቴ እኩያ ስለሆነ መጀመሪያ አንቱ ስላት፣ «አንቺ በለኝ፤ አንቱ ሲሉኝ ወገቤ ይጎብጣል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ።

የተዋወቅነው በጥል ነው። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ፣ ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት መድኃኒታቸውን በከረጢት ሰጥቼ ለሰው ሁሉ የምላትን አንዲት ነገር አልኳቸው፤ «መድኃኒቱን አንድ ቀንም እንዳያቋርጡ»። አመስግነው ወጡ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እትዬ ትርንጎ ሰውየውን በክንዳቸው ይዛ ተመለሰችና ከረጢቱን መስኮቴ ላይ ዘረገፈችው።

«ምን አልካቸው?»

«እንዳያቋርጡ።»

«ሌላስ?»

«በቃ።»

«በቃ የለም» አለችና ቆርቆር አደረገች። «መቼ ይዋጣል? ከምን ጋር? ያልበሉ ቀንስ? ሰው እኮ በመንገር አይሰማም። አስደግማቸው፤ ምን እንደሚያደርጉ እሳቸው ለአንተ ይንገሩህ።»

ወረፋው ሁሉ ያየኛል። ፊቴ ጋለ። ስንት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ፈተና አልፌ፣ ወለል ስትጠርግ የነበረች ሴት ልታስተምረኝ ነው ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ብያለሁ።

አስተሰርዮ የምንለው በዕብራይስጥ ዮም ኪፑር የሚባለውን ጾም ነው። ከዋዜማው ጀንበር መጥለቂያ እስከ ማግስቱ ኮከብ መውጫ ውኃ እንኳ አይቀመስም። ሽማግሌዎቻችን ጎንደር ሳሉ በክፉ ዘመን ሁሉ ያልገደፉት ጾም ነው። እዚህ ሐኪም «አንተ አትጹም» ሲላቸው በአክብሮት ራሳቸውን ነቅንቀው «በሰደር» ይላሉ፤ እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ይጾማሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላለበትና መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። አንዳንዱ መድኃኒት ሰውየው በላ አልበላ ብሎ አይጠይቅም። ይገባል፣ ያለውን ስኳር ያወርዳል፣ ሰውየውንም ይዞት ይወድቃል። እትዬ ትርንጎ ይህን ለሽማግሌዎቹ የምታስረዳው እንዲህ ብላ ነበር፤ «ካዱር እንግዳ ነው። ቤት ገብቶ የሚቀርብለት ካጣ ባለቤቱን ይበላል።» ካዱር የምትለው የሚዋጠውን ክኒን ነው። በተለይ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረች። «ትልቁን ተዉት፤ ትንሿን ፍሯት» ትላቸው ነበር።

አሠራሯ የራሷ ነው። ጾሙ አንድ ወር ሲቀረው ሕመምተኞቿን አንድ በአንድ ሐኪሟ ዘንድ ይዛ ትገባለች። ሐኪሟ አይጹም ያለችውን የጸሎት ቤታችን ቄስ ዘንድ ወስዳ ከቄሱም አፍ ታሰማዋለች። ይጹም ግን መድኃኒቱ ይለወጥ የተባለውን ደግሞ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ እሷም አትችልም። ስለዚህ የመድኃኒት ከረጢቱን ገበታ ላይ ዘርግፋ፣ ሐኪሟ አይዋጥ ያለችውን ሳጥን በቀይ ክር ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች። ሐኪሟ ሳትናገር አንዲትም ክር አታስርም። የታሰረውን ደግሞ ጾሙ አልፎ ሰውየው በልቶ፣ ስኳሩን ለክቶ እስክታይ ድረስ ከእሷ በቀር የሚፈታው የለም። «ስትጾሙ ለኩ፤ መለካት ጾም አያስገድፍም። ከሰባ ከወረደ ጾሙ እዚያው አለቀ፤ ክርክር የለም» ትላለች።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ጾሙ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰሜን የምትኖር ልጇ ወለደችና እትዬ ትርንጎ ልታርሳት ሄደች። ከመሄዷ በፊት የቀይ ክሩን ጥቅል መስኮቴ ላይ አስቀመጠችና የዘጠኝ ሰው ስም በቃሏ ነገረችኝ። እኔ ጻፍኩ።

«እነዚህ ሐኪሟ ዘንድ መግባታቸውን እይልኝ። ከዚያ ቤታቸው ሂድና እሰርላቸው። ስልክ አይሆንም። በስልክ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው።»

እሺ አልኳት። አልሄድኩም። የተማረ ሰው የቀይ ክር ጥቅል ይዞ የአሚሻቭ ሰፈርን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ጎረቤት ምን ይለዋል? ጠንቋይ! እንዲህ ብዬ ለራሴ ፈረድኩና በምሳ ሰዓቴ ዘጠኙንም በስልክ ጠራኋቸው።

ሰባተኛው አባ አስረስ ነበሩ። ጎንደር አንጥረኛ፣ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተውባቸው አሚሻቭ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ትልቁንም ትንሿንም ክኒን ይወስዳሉ፤ ትንሿን ጠዋትና ማታ።

«አባ አስረስ፣ ሐኪሟ ዘንድ ገብተዋል?» አልኳቸው።

«በሰደር፣ ልጄ። ትርንጎ መቼ ነው የምትመጣ?»

«ትመጣለች። መድኃኒቱን አንድ ቀንም እንዳያቋርጡ፣ እሺ?»

«አላቋርጥም። እግዜር ያክብርህ።»

ስማቸው ላይ ምልክት አድርጌ ወደ ስምንተኛው አለፍኩ። አባ አስረስ ግን ሐኪሟ ዘንድ አልገቡም ነበር። እትዬ ትርንጎ ከሌለች ዕብራይስጡን ማን ይሰማላቸዋል? ቀጠሯቸውን ዝም ብለው አሳለፉት። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚቀረኝ፤ አልጠየቅኩም።

እሷ የተመለሰችው በጾሙ ዋዜማ ቀትር ላይ ነው፤ ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል። ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ መስኮቴ ድረስ መጣች። እግሯ አብጧል።

«ዘጠኙንም አሰርክ?»

«አዎ» አልኳት።

«ተባረክ» አለችኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በአስተሰርዮ ቀን ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ መኪና አይነዳም። ጎዳናው ሁሉ ብስክሌት ነው። ጸሎት ቤታችን አሚሻቭ ውስጥ ከአንድ ሕንጻ ሥር ያለ የቦምብ መጠለያ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሁለት ማራገቢያ ብቻ ያለው። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ። ቄሱ በግዕዝ ይጸልያሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይቀበላሉ። ያን ቀን ረፋድ ላይ አባ አስረስ ከእኔ ሁለት ሰው አልፈው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፤ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ አለ።

ላብ አጠመቃቸው። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «እንዲህ ነው መጸለይ» ሲል ሰማሁ። እኔ የመድኃኒት ባለሙያው፣ የስኳር መውረድ ምልክት ምንድን ነው ቢሉኝ ከእንቅልፌ ተነሥቼ የምደረድረው፣ አየሁና እኔም እንዲሁ አሰብኩ። አባ አስረስ ዘንድሮ ተመስጠዋል አልኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ትርንጎ ነበረች። በእኛ ጸሎት ቤት ሴት ወደ ወንዶቹ በኩል አትሻገርም። እሷ ግን በጸሎት መሀል፣ ጥቁር ቦርሳዋን ይዛ፣ ሰው እግር እየተሻገረች መጣች። አባ አስረስ ፊት ተንበረከከችና ግንባራቸውን ነካች። ከዚያ ከቦርሳዋ የስኳር መለኪያ አውጥታ ጣታቸውን ወጋችና አየች። ወደ እኔ አዞረችው። ሃምሳ አንድ ይላል።

«አባ አስረስ፣ ትናንት ምን ዋጡ?»

«ሁሉንም» አሉ፤ ምላሳቸው ተሳስሯል። «የትናንት ማታውን ዋጥኩ። የዛሬ ጠዋቱንና የዛሬ ማታውንም አብሬ ዋጥኩ፤ ዛሬ አይዋጥ፣ ጾም ነው። ለሰንበት ዓርብ እንደምናሰናዳው ነዋ። ልጁ እንዳታቋርጥ ብሎኛል።»

ሰንበት እሳት አይነካም፣ ሥራ አይሠራም፤ የሰንበቱ ሁሉ ዓርብ ይበስላል፣ ዓርብ ይሰናዳል። ይህን ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። ሰውየው በሕይወታቸው ሙሉ በሚያውቁት መንገድ ሄደው ሦስት ክኒን በአንድ ጊዜ ውጠዋል፤ ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ።

«ክሩስ?» አለቻቸው።

«የምን ክር?»

እትዬ ትርንጎ ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለማታው ማዕድ ከተዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ የወይን ጭማቂ ጠርሙስ አንሥታ የፕላስቲክ ኩባያ ሞላች።

«ይጠጡ።»

«አልጠጣም።»

ጸሎቱ ቆመ። ቄሱ መጡ። ነገሩን በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ጎንበስ ብለው፣ «አስረስ፣ ነፍስህን ጠብቅ ያለ አምላክ ነው። ጠጣ፣ ፈቅጄልሃለሁ» አሉ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ አባ አስረስ። ድምፃቸው ድንገት ጎላ፣ ቁጣም ገባበት፤ ስኳር ሲወርድ ሰውን ያስቆጣል። «ከልጅነቴ ያልገደፍኩትን፣ በስተርጅና ሰው ፊት ልግደፍ? ብሞትም ጾሜን ይዤ ልሙት!»

«አፈር ስሆን፣ አባ አስረስ» አለች ኩባያውን ወደ አፋቸው አስጠግታ።

አፈር ስሆን የተባለ ሰው እምቢ አይልም። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዓይናቸው መክደን ጀምሮ ነበር። ከአፍታ በኋላ መዋጥ እንደማይችሉ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። በጉልበት አፋቸው ውስጥ ብናፈስ ሊያንቃቸው ይችላል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

እትዬ ትርንጎ ጤነኛ ነበረች። ስኳርም ግፊትም አልነበረባትም። ጾም የምታጠብቅ ሴት ናት፤ የስግድ በዓልንም፣ የአስቴርንም፣ ሌላውንም። ተነሥታ ቆመች። ኩባያውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችና በሰው ሁሉ ፊት፣ በአስተሰርዮ ቀን፣ እስከ ግማሽ ጠጣችው። ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ሴት «ኧረ በእግዜር!» ብላ ጮኸች።

እንደገና ተንበረከከች። ከንፈሯ ላይ ያለውን ጭማቂ አልጠረገችውም።

«ይኸው ገደፍኩ» አለቻቸው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምተው የለ? አሁን ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ሊተዉኝ ነው?»

አባ አስረስ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አደረግሽ፣ አንቺ ሴት?» አሉ።

«ብቻዬን ነኝ» አለች አሁንም።

እጃቸውን ዘረጉ። ስለሚንቀጠቀጥ እሷ ከእጃቸው በታች ደግፋ ያዘችላቸው። የቀረውን ግማሽ ጠጡ፤ እንባቸው ኩባያው ውስጥ ይወርዳል። ሁለተኛ ሞላችላቸው፤ ጠጡ። ከዚያ ዞር ሳትል፣ «ያላ፣ ቶሎ በል አንተ ልጅ፣ አምቡላንስ! ሦስት እንግዳ ነው ቤት ውስጥ ያለው፤ ይህ አይበቃውም» አለችኝ።

ስልክ አልያዝኩም ነበር። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ በጸሎት ቤቱ በር ጠባቂ ስልክ ደወልኩ። ስመለስ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትጠብቃለች። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን ለካች፤ ስልሳ ስድስት። ዳቦ ቆርሳ አጎረሰቻቸው። እንዳያፍሩ እሷም ቆርሳ ጎረሰች። አምቡላንሱ በብስክሌቶቹ መሀል ጥሩምባውን እየነፋ ሲደርስ አባ አስረስ ሰው ለይተው ስም ይጠሩ ነበር። ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኙ፤ ስኳራቸው ደጋግሞ እየወረደ በመርፌ እያነሡት ነው የተረፉት።

በማግስቱ ክሊኒክ ስገባ ከመስኮቴ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ነበር ያሰብኩት።

«እትዬ፣ ዋሸሁሽ» አልኳት።

«አውቄያለሁ።»

«እኔ እኮ እንዳያቋርጡ ብቻ ነው ያልኳቸው። ሦስቱን በአንዴ ይውጣሉ ብዬ...»

ቆርቆር አደረገች። «አንተም እኮ ዓርብ የሰንበትን በልተህ ያደግህ ልጅ ነህ። ሐኪሟ ባታውቅ አልፈርድባትም። እሳቸው ምን እንደሚያስቡ አንተ ልታውቅ ይገባህ ነበር። ለዚህ ነው እዚህ ያስቀመጡህ።» ከዚያ፣ «ክሩ አዋረደህ እንዴ?» አለችኝ። የክሩን ጥቅል ከመሳቢያዬ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። «በል፣ የስምንቱን የበር ቁጥር እየጠየቅህ ሂድ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ቤታቸውን ልታውቅ ይገባል። አባ አስረስ ቤት አብረን እንሄዳለን።» በእነዚያ ዘጠኝ ቤቶች ደረጃ ላይ ያላበኝ ላብ ከየትኛውም ፈተና ይልቅ አስተምሮኛል።

ሰው ግን አማት። ሳትታመም በአስተሰርዮ የበላች ሴት ተባለች። አንዳንዶቹ በመንገድ ሲያገኟት ሰላምታ ይቆጥቡ ነበር። ቄሱ በደል የለብሽም ቢሏትም እሷ በሚቀጥለው ሐሙስ ጾመች። በየዓመቱም ከአስተሰርዮ በኋላ አንድ ሐሙስ ትጾም ነበር፤ በዚያ ሙቀት፣ በአውቶቡስ እየተንከራተተች። አንድ ጊዜ ውኃ ባቀርብላት፣ «ይቺ የኔና የእግዜር ናት፤ አትግባብን» አለችኝ። ተጸጽታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀች። «እንኳን አንድ ቀን፣ ዓመት ሙሉ እገድፍ ነበር። ግን የገደፈ ገዳፊ ነው፤ አልዋሽም» አለች። እንደ እኔ ለዋሸ ሰው ይህን መስማት ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ አባ አስረስን ከነአካቴው ጾም ከለከለቻቸው። እሳቸውም ታዘዙ። ግን በየዓመቱ በአስተሰርዮ ቀን ጸሎት ቤት አይመጡም። ቤታቸው ተደብቀው በልተው፣ ማታ ላይ ብቻ ብቅ ይላሉ። እትዬ ትርንጎ ይህ ያበሽቃት ነበር። «ሰውዬው ጾም ተዉ ቢባሉ ጸሎትም ይተዋሉ? ተደብቆ የሚበላ ሰው ሌላውን ይገድላል፤ ሌላው ታማሚ ማንም አልገደፈም ብሎ ይጾማል» ትል ነበር። ብዙ ለመነቻቸው። በሰደር ይሏታል። አይመጡም።

ለቅሶዋ ላይ መጥተው ነበር። ቤቷ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ነው፤ ከአሚሻቭ በከዘራ ተደግፈው መጥተው፣ የሐዘኑን ሰባት ቀን ሁሉ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ዘንድሮ ደረጃውን ብቻዬን ወጣሁት። ሐኪሟ ያለችውን እያስደገምኩ፣ ክሩን እያሰርኩ፣ አሥራ አራት ቤት። ሦስት ሰዎች ፈጽሞ አይጹሙ ተብለዋል፤ ሁለት ሽማግሌዎችና እሷ የሞተች ቀን ከወረፋው ወጥተው ያለቀሱት እናት። ቄሱም ነግረዋቸዋል። ሦስቱም «በሰደር» አሉኝ። እትዬ ትርንጎ ብትሆን በዚያች ቃል ላይ ጠረጴዛውን ትቆረቁር እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ደጋግሜ ለመንኳቸው፤ ደጋግመው በሰደር አሉኝ።

በአስተሰርዮ ረፋድ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ከንፈራቸው ደርቋል። እንዳልቀመሱ አይቼ አወቅሁ። መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነው። ልነሣ፣ ልናገር እላለሁ፤ ሰው መሀል እንዴት አድርጌ? ላሳፍራቸውና ጭራሽ እምቢ ቢሉስ? ቄሱ ይጸልያሉ።

በሩ ተከፈተ። አባ አስረስ ነበሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ በቀን ብርሃን መምጣታቸው ነው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የወይን ጭማቂ ጠርሙስና የተደራረበ የፕላስቲክ ኩባያ ይዘዋል፤ አልደበቁትም። እየተንቀራፈፉ መሀል ድረስ መጡና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አራት ኩባያ ደረደሩና ቀዱ።

«እኔ ታማሚ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ይሰማል። «ሰባት ዓመት ቤቴ ተደብቄ በላሁ። ሐኪም አትጹሙ ያላችሁ ሦስት ሰዎች እዚህ መሀል እንዳላችሁ ከቄሱ ሰምቻለሁ። በትርንጎ አጥንት ይዣችኋለሁ፤ ኑ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከመጋረጃው ኋላም ኮሽታ የለም። ያን ጊዜ ተነሣሁ። እሷ ያደረገችውን ላደርግ ነው። ከእኔ ሌላ ማን ይገባዋል? ያ ሁሉ የመጣው በእኔ ውሸት ነው። ጠረጴዛው ጋ ደርሼ አንዱን ኩባያ አነሣሁ።

አባ አስረስ የእጄን አንጓ ያዙኝ። የአንጥረኛ እጅ ነው፤ እስከ ዛሬ ጥንካሬው አልለቀቀውም።

«አይሆንም» አሉኝ። «አንተ ጹም። ስለ እኔ የገደፈ ጤነኛ አንድ ይበቃል።»

ኩባያውን ከእጄ ወሰዱና እሳቸው ጠጡት። እስከ መጨረሻው፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ ሁለተኛውን አንሥተው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱና ጎንበስ ብለው፣ «አፈር ስሆን» አሉ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አድርገው ተቀበሏቸው። ሁለተኛውም ተቀበሉ።

አራተኛው ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። መጋረጃው ገለጥ አለና የእኚያ ያለቀሱት እናት እጅ ብቻ ወጣ። ኩባያውን ወስጄ ሰጠኋቸው።